“ሂሳቡ ተከፍሏል!”

ልደት ማክበር የፈረንጅ ነው የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ! ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ገና ሲደርስ ዶሮ የሚገዛው ለምንድን ነው? ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ንፍሮ ተቀቅሎ ደጅ የሚወጣውስ? መውሊድ ሲሆን ጅማና ዙሪያዋ በመንዙማ የሚደምቁትስ? ልደት አይደለም እንዴ? እኛ አገር ልደት ሞልቷል፤ የሚከበረው ግን የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የነቢዩ ነው። ከሰው ወገን ቀኑ ተቆጥሮ በአገር ደረጃ ይከበርላቸው የነበሩት ደግሞ ንጉሡ ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት፣ ሐምሌ 16፣ እስከ አብዮቱ ድረስ የመንግሥት በዓል ነበር። ሐምሌ 1964 ዓ.ም. 80 ዓመት ሲሞላቸው የተደገሰውን ድግስ ዛሬም የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። የእኔና የእናንተ ዓይነቱ ሰው ግን ተወለደ፣ ስም ወጣለት፣ አለቀ!

እናቴ የጎማ ልጅ ናት፤ አጋሮ አጠገብ። “መቼ ተወለድሽ?” ስትባል “ቡና በያዘ ዓመት፣ ለቀማው ሲያልቅ” ትላለች። ቡና ደግሞ ባህርዩ ነው፤ አንዱን ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይይዛል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። እና እናቴ ዕድሜዋ ሁለት ሁለት ዓመት እየዘለለ ወዲያና ወዲህ ይላል። እንደ ልቧ ሁኔታ ሁለት ትጨምራለች፣ ሁለት ትቀንሳለች። መታወቂያዋ ላይ ያለው ቁጥር የቀበሌው ጸሐፊ ግምት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በወጉ የተጀመረው እኮ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ትናንት ማለት ነው!

የዛሬው ጨዋታዬ ባለቤት የሆነችው ጓደኛዬ ግን ቀኗን ታውቃለች። አባቷ ጥንቁቅ ሰው ስለነበሩ የክትባት ካርዷን ከቤቱ ካርታ ጋር አብረው አስቀምጠውላታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1990 ዓ.ም.። ውጭ አገር ያለች የአክስቷ ልጅ በየዓመቱ “ዲሴምበር 19” ብላ ትደውልላታለች። ችግሩ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ታኅሣሥ 10 ዲሴምበር 20 ላይ ይውላል። በ2016 እንደዚያ ሆኖ ልጅቷ በዋዜማው ደውላ “እንኳን አደረሰሽ” አለቻት። ጓደኛዬ ሳቀችና ሁለቱንም ቀን አከበረች። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነው የማደርገው።

በ2017 ግን ነገሩ ትክክል ገጠመ። ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ። 27 ዓመት ሊሞላት ነው። እኛ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለያየን ሰባት ሴቶች ነን። አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ አንዷ መርካቶ የልብስ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ የምሥራች ቃል የማይጠፋት ጴንጤያችን ጸጉር ቤት አላት፣ አንዷ ቡና መጋዘን ትሠራለች፣ ባለ ልደቷ ሰቃ ጨቆርሳ ወጣ እያለች ታስተምራለች፣ እኔም እንደምታዩኝ በብዕሬ እንጀራ እፈልጋለሁ። ቴሌግራም ላይ ተጻጻፍንና ወሰንን። ዘንድሮ ቤት ውስጥ ዳቦና ለስላሳ የለም። ደህና ሆቴል፣ ደህና እራት፣ ከዚያ በኋላ ጭፈራ! መዋጮው በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር። ባለ ልደቷ አትከፍልም።

መልሱ ወዲያው መጣ። “እሺ”፣ “እሺ”፣ “እሺ”፣ የልብ ምስል፣ የኬክ ምስል። ከመጋዘኗ ልጅ ግን ዝምታ። በማግስቱ “ቤት እንግዳ መጥቶብኛል፣ እናንተ ተዝናኑ” የሚል መልእክት ላከች። እንግዳ? ማን? ማንም አልጠየቀም። ይህንን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት ልግባ። ምን እንብላ?

ጅማን ለማታውቋት ልንገራችሁ። እዚህ ሥጋ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት የኪሎውን ዋጋ አይደለም፤ የሙስሊም ነው ወይስ የክርስቲያን ብላችሁ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ ሠርግና ለቅሶ አብረን ውለናል፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ትሪው ሁለት ነው። ይህ ደግሞ ማንንም አያስቀይምም። ሠርግ ያለው ሰው ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ያርዳል፣ ለየብቻ ያሠራል፣ በኋላ ጭፈራው አንድ ላይ ይሆናል። ለስድስት ሴቶች እራት ግን ሁለት በሬ አይታረድ! ከመካከላችን ሦስቱ ሙስሊም፣ ሁለታችን ኦርቶዶክስ፣ አንዷ ጴንጤ ነን። ጊዜው ደግሞ ታኅሣሥ፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ገብቷል። ስለዚህ ለሁለታችን ሥጋው የማንም ቢሆን ያው ነው፣ አይበላም።

ያዳነን አሳ ነው። ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣው አሳ ጅማ ድረስ ይመጣል። ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ጴንጤውም ይበላዋል፣ ኦርቶዶክሱ ግን… እዚህ ላይ ክርክር አለ። እኔ በነቢያት ጾም አሳ እበላለሁ። ነርሷ አትበላም፤ “ደም ያለው ነገር ደም ያለው ነው” ትላለች። ለሷ የጾም በያይነቱ ይሁን ተባለ። ባለ ልደቷ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበራት፦ አሳው የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ ነክቷል? እኔና የባንኳ ልጅ ሁለት ቀን አስቀድመን ሄደን የወጥ ቤቱን ኃላፊ አነጋገርን። ሰውየው ቅር አላለውም። “በየሳምንቱ የምጠየቀው ነው፤ አዲስ ዘይት በአዲስ መጥበሻ አደርግላችኋለሁ” አለን። ኬኩም ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ፣ የጾም ኬክ እንዲሆን ታዘዘ። ድግስ ያላችሁ ሰዎች፣ ሁለት ቀን ቀድሞ መሄድ ምንም አያስከፍልም። እራቱ ቀርቦ ግማሹ ሰው ውሃ እየጠጣ ሲቀመጥ ከማየት ያድናል።

ቀኑ ደረሰ። ሐሙስ ደግሞ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ከተማዋ ገና ሂርማታ በምትባልበት በአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሐሙስ ገበያ የታወቀ ነው። መንገዱ በሰው፣ በከብት፣ በባጃጅ ጢም ብሏል። በዚያ ላይ ወቅቱ የቡና ነው! ታኅሣሥ ላይ ለቀማው ወደ ማለቁ፣ ብሩ ወደ መምጣቱ ነው። እና የዚያ ዓመት ቡና እንደሌላው ዓመት አልነበረም። ትንሽ ላብራራ፤ በኋላ ለሆነው ነገር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 እኛ ገና ሕፃናት ሳለን የቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ወድቆ አንዱ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ደርሶ ነበር። ያኔ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። ዩኒፎርም የሚገዛ አባት አልነበረም። በ2017ቱ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደግሞ እዚያው ኒውዮርክ የአረቢካ ቡና እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የቆየውን የዋጋ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከሁለት ወር በኋላ 4 ዶላርን አለፈ። ይህ ብቻ መሰላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በሁለት በኩል ነፋስ የገባለት ሸራ ማለት ነው! ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ የሚመጡት ቡና አቅራቢዎች ማታ ማታ ጅማ ሆቴሎች ውስጥ ሲቀመጡ አስተናጋጁ አካሄዱ ሁሉ ይለወጣል።

እኛም ዘንጠን ገባን። ጴንጤዋ ጓደኛችን የሁላችንንም ጸጉር በነጻ ሠርታልናለች (ካስክ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ብቻ ግማሽ ቀን ሄዷል)። ባለ ልደቷ አረንጓዴ ረጅም ቀሚስ ለብሳ በሻሿ ላይ ትንሽዬ ብሮሽ አድርጋለች። ሲያዩዋት የጂረን ልዕልት ትመስላለች ብል አላጋነንኩም። ጂረን ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ነው። የሆቴሉን ስም አልጠራም። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ናፕኪኑ እንደ ወፍ የታጠፈ፤ ይበቃችኋል።

እራቱ ጥሩ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። አሳው ሙሉ ሆኖ በሎሚና በቃሪያ መጣ። የነርሷ በያይነቱ እንዲያውም ከሁሉም የበለጠ ያስጎመጅ ነበር፤ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን። ስጦታ ተሰጠ፤ ሽቶ፣ የእጅ ሰዓት፣ ከእኔ ደግሞ መጽሐፍ። ኬኩ ሲመጣ አስተናጋጆቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑ፣ እኛም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ አዳረስነው። ፎቶ ሲነሳ ደግሞ… ወይ ፎቶ! ኬኩ 40 ጊዜ ሳይነሳ አይቀርም። ሻማው ሦስት ጊዜ በርቶ ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱ ለካሜራ ነው።

ከዚያ የባንኳ ልጅ ሂሳብ ጠራች። በልቧ ደምራ ጨርሳለች፤ የበላነውና የጠጣነው 7,480 ብር። አምስታችን ያዋጣነው 7,500። “20 ብር ትተርፋለች” ብላ እየሳቀች ነበር። እኔ ሜኑውን ገልብጬ ከታች በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን አነበብኩላት፤ ዋጋው 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ ቫት አይጨምርም ይላል። በ7,480 ላይ 748 ሲጨመር 8,228። በዚያ ላይ ቫቱ 1,234 ብር ከ20 ሳንቲም። ድምሩ 9,462 ከ20! ፊቷ ላይ ያለው ቀለም ሲሄድ በዚያ ደብዛዛ መብራት እንኳ ይታይ ነበር። 1,962 ብር ጎደለን።

ሰዎች፣ ሜኑ ስታነቡ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡ!

ቦርሳ መፈተሽ ስንጀምር አስተናጋጁ መጣ። እጁ ላይ የሂሳብ ደብተር የለም። ጎንበስ ብሎ፣

“ሂሳቡ ተከፍሏል” አለ።

“በማን?”

በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆመ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከል ያለው ወፈር ያለ፣ 50ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ስልክ ሁለት ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠን። የቡና አቅራቢ ነው፣ ከአጋሮ በኩል። አስተናጋጁ ደረሰኙን አስቀመጠ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ “ለባለ ልደቷ” ይላል።

የመጀመሪያውን ደቂቃ አልደብቃችሁም፤ ሁላችንም ተንፈስ አልን። ሱቅ የምትሠራው ልጅ “አልሐምዱሊላህ!” አለች። ጴንጤዋ “ጌታ በጊዜው ይደርሳል” አለች። የባንኳ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ወንበሩ ላይ ተደገፈች። ባለ ልደቷ ብቻ ደረሰኙን ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

“የእኔን ልደት ማነው የጋበዘኝ?” አለች። “እኔ ይህንን ሰው አላውቀውም።”

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከእናንተ መካከል “ምን አለበት? ሰው ደስ ብሎት ጋበዘ፣ አመስግኖ መሄድ ነው” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እኛ አገር ግብዣ መግፋት ነውር ነው። ጅማ ውስጥ የማታውቁት ሽማግሌ አጠገባችሁ ተቀምጦ የስኒ ቡናችሁን ከፍሎ ቢሄድ ምርቃት ነው፣ አሜን ትላላችሁ። እኔም ስንት ጊዜ ተከፍሎልኛል። ግን ስኒ ቡና የከፈለ ሽማግሌ ስልኩን አይጽፍም! ደግሞስ ሲከፍል ሊያስፈቅደን ለምን አልመጣም? “ልጆች፣ ደስታችሁ ደስ አለኝ፣ ልጋብዛችሁ” ቢል እኮ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ከፍሎ ነው የነገረን። የማትመልሰው ነገር እጅህ ላይ ካስቀመጠልህ በኋላ ነው ሰላም የሚልህ። ጅማ ትልቅ ከተማ ናት ትሉ ይሆናል፤ ለሴት ልጅ ስም ግን ጠባብ ናት። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ወሬ ያለ መኪና ይደርሳል። ጠዋት ሰቃ ላይ ቾክ የምትይዝ አስተማሪ፣ የተማሪዎቿ አባቶች ደግሞ ለዚያው ሰው ቡና የሚያስረክቡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ክርክሩ በሹክሹክታ ሆነ። ሱቅ የምትሠራው ልጅ “ብሩን መልሰን ምን እንብላ? የቤት ኪራዬ ሰኞ ነው። ሰውየው ስልኩን ጻፈ እንጂ ደውሉ ብሎ አላስገደደን። ደረሰኙን ቅደድና ሂድ!” አለች። ይህቺን አባባል ዛሬም አስባታለሁ። ከስሌት አንጻር እሷ ልክ ናት። 1,962 ብር ለሷ ከወር ደመወዟ ትልቅ ቁራጭ ነው፤ የሌላ ሰው ክብር ለመጠበቅ እሷ ለምን ትክፈል? ነርሷም ለሷ አደላች። እኔ ከባለ ልደቷ ጋር ቆምኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ልደቱ የሷ ነው፣ ቁጥሩም የተጻፈው ለሷ ነው። እሷ ካልተመቻት ሌላው ወሬ ነው።

ባለ ልደቷ ራሷ ጨረሰችው። “የጎደለውን ማንም አይጨምርም” ብላ ከቦርሳዋ 1,000 ብር አወጣች። ጋብዘናታል፣ በገዛ ልደቷ 1,000 ብር ከፈለች! የቀረውን 962 የባንኳ ልጅ ሸፈነች። ጥሬ ብር ስላልነበራት በቴሌብር ለአስተናጋጁ ላከችና እሱ ከኪሱ ቆጥሮ ሰጠን። ልጁ ላብ አጥምቆታል። “እባካችሁ እኔን እንዳታስገቡኝ” ይላል። እውነቱን ነው፣ ሰውየው የዘወትር ደንበኛ ነው፤ እኛ ነገ አንመጣም።

ተነሳች። እኔም ተከተልኳት፣ ብቻዋን አትሂድ ብዬ። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ዝቅ ብላ፣ በሁለት እጇ፣ ብሩን ዘረጋችና፣

“አባባ፣ አላህ ይስጥልኝ” አለች። “የዛሬውን እራት ጓደኞቼ ናቸው የጋበዙኝ። የእርስዎን ለሌላ ቀን ያድርጉልኝ።”

አባባ! ያቺ ቃል ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀች። አብረውት ያሉት ሁለቱ ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። አንደኛው “አባባ ተባልክ እኮ!” ብሎ ትከሻውን መታው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ኮስተር አለ።

“እኔን መስደብሽ ነው?” አለ።

“ኧረ በጭራሽ። አባቴ ቢኖሩ የእርስዎ እኩያ ናቸው።”

“ብሩን ውሰጂ። እኛ ጋ የተሰጠ አይመለስም።”

“እኛም ጋ እንግዲህ…” አለችና አልጨረሰችውም። ብሩን የአምቦ ውሃው ጠርሙስ ሥር አስቀምጣ ዞረች። ደረሰኙን ግን ይዛው ነው የሄደችው። በኋላ ስጠይቃት “ቁጥሩን የጻፈው ደረሰኝ ላይ ነው፤ እዚያ ብተወው ሌላ ሰው ያገኘዋል” አለችኝ። እኔ ይህ አልመጣልኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጭፈራ ሄድን ወይ? ሄድን እንጂ! ነርሷ ጠዋት ተረኛ ስለሆነች፣ ጴንጤዋ ደግሞ ጭፈራ ቤት ስለማትገባ ወደ ቤት ገቡ። አራታችን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ወዳለ ቤት አመራን። ስለ ቤቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዲጄው ዘፈኑን አንድ ደቂቃ ሳያስጨርስ የሚቀይር፣ ድምጹ ጥርስ የሚያነቃንቅ ነው። ግን የኦሮምኛው ጭፈራ ሲመጣ ባለ ልደቷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባችበት፣ እኛም ገባንበት። ሱቅ የምትሠራዋ ልጅ ኩርፊያዋን እዚያው መድረኩ ላይ ጣለችው። ለስላሳ ጠጥተን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጨፈርን። ያ አንድ ሰዓት ተኩል ከእራቱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስንወጣ ሌሊት 6 ሰዓት ሆኗል። ሰፈራችን ያለ ባለ ባጃጅ ልጅ አስቀድመን ቀጥረነው ነበርና በሩ ላይ ይጠብቀናል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ላንድክሩዘር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “እናድርሳችሁ” አለ። የማን እንደሆነ አላየሁም፤ የሆቴሉ ሰውዬ ይሁን ሌላ ወሬ አይደለሁም። ባጃጁ ልጅ “ሰው አላቸው!” ብሎ ጮኸና ሞተሩን አስነሳ። እህቶቼ፣ ማታ የምትወጡ ከሆነ የመመለሻችሁን ባጃጅ ገና ስትወጡ ቅጠሩ። የምታውቁትን፣ እናቱን የምታውቋትን ልጅ። ሌሊት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ዋጋ መከራከር ከሜኑው ጉንዳን ፊደል የባሰ ያስከፍላል።

ወደ መጋዘኗ ልጅ ልመለስ።

በማግስቱ ባለ ልደቷ የተረፈውን ኬክ በካርቶን አድርጋ በታናሽ ወንድሟ እጅ ላከችላት። ግማሽ ኬክ ነበር፤ በላዩ ላይ “መልካም” የሚለው ቃል ተቆርጦ “ልደት” ብቻ ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ እኔ ቤቷ ሄድኩ። እንግዳ የሚባል ነገር የለም። ከመጋዘን ገና መግባቷ ነው፣ ዓይኗ በአቧራ ቀልቷል። ሥራዋ ቡና መለየት ነው፤ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነፍሳት የበሳውን ፍሬ በእጇ እየለቀመች ማውጣት። አንድ ኪሎ ወደ ውጭ የሚሄድ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ይለቀማል ይባላል፤ ከዚያም ያ አንድ ኪሎ በእሷ ዓይነት ሴቶች ጣት ሥር ፍሬ በፍሬ ያልፋል። ኒውዮርክ ላይ ክብረ ወሰን ሲሰበር የእሷ የቀን ሂሳብ ያው የቀን ሂሳብ ነበር።

ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ሳይከፈት ተቀምጧል።

“ለምን አልበላሽም?” አልኳት።

“ለልጆቹ እሰጠዋለሁ።”

ዝም አልን። ቡና አፈላች፤ ያውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ነው የተናገረችው።

“1,500 ብር የለኝም ማለት አቅቶኝ አይደለም” አለች። “ችስታ መሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ‘እሺ’፣ ‘እሺ’፣ ‘እሺ’ ስትባባሉ አንዳችሁ እንኳ ለብቻዬ ‘አንቺስ እንዴት ነሽ?’ አላላችሁኝም። ብትጠይቁኝ ሻይ ጠጥቼ እቀመጥ ነበር። 300 ብር እሰጥ ነበር። እንግዳ መጣ ስል ደግሞ አመናችሁኝ! እኔ ቤት መቼ እንግዳ መጥቶ ያውቃል?”

ምን ይባላል? ስለ ሰውየውና ስለ ሂሳቡ ነገርኳት። “አባባ” የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ግን “ማነው ሰውየው?” ብላ መልኩን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስኒውን አስቀመጠች።

“አውቀዋለሁ” አለች። “መጋዘናችን ቡና ያስገባል። ለዕድር አሥር ብር ጨምርልን ስንለው ‘ሁሉም ቀርቷል፣ ዘመኑ ከፍቷል’ ያለን ሰው ነው።”

ማታ ለባለ ልደቷ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ሄደች፣ እዚያው፣ በዚያው ምሽት፣ ባዶ እጇን። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የማውቀው በማግስቱ ቴሌግራማችን ላይ ከመጋዘኗ ልጅ የመጣውን ነው፦

“የእኔ ልደት ጳጉሜ 6 ነው፣ ረስታችሁታል አይደል? 1991 ዓ.ም.። እናንተ 27 ስትሉ እኔ ገና 6 ጊዜ ነው ያከበርኩት። የሚቀጥለው በ2019 ነው። እኔ ቤት፣ ሽሮ፣ መዋጮ 100 ብር። ኬኩን ከመቆረጡ በፊት አምጡ።”

ከሥሩ ስድስት “እሺ” ተደርድሯል። የባንኳ ልጅ ደግሞ “ቫት አለው?” ብላለች።